ከማሽኑ በፊት ሥራው፦ የአዲስ ቴክኖሎጂ አማካሪነት አጀማመር

አዲስ መሣሪያ በገበያ ላይ በዋለ ቁጥር የድርጅት ኃላፊዎች ለአማካሪዎቻቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ነገር ለእኛ ሥራ ይጠቅማል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ገና ሰባ ዓመት ያህል ነው። የዛሬው ባለሙያ የሚገጥመው ችግር በአጀማመሩ ጊዜ የታየ ስለሆነ ታሪኩን መለስ ብሎ መመልከት ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ ሻይ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጄ. ላየንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዳቦና ኬክ እየጋገረ በብዙ ሻይ ቤቶች ይሸጥ ነበር። ከአንድ ስኒ ሻይ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የሚወጣው ወጪ ያሳስበው ነበር። ስለዚህም ሚስተር ጆን ሲመንስ የቢሮ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ የሚያጠና ክፍል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አደራጁ። በ1947 ሁለት የኩባንያው ሰዎች ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስሊያዎች ሰምተው ተመለሱ። ኩባንያውም ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ 3,000 ፓውንድ ረድቶ፣ እዚያ የተሠራውን ማሽን አርአያ በማድረግ «ሊዮ» የተባለውን ኮምፒዩተር በራሱ ሠራ። ሊዮ በኖቬምበር 1951 የዳቦ ቤቶቹን ምርት ዋጋ ማስላት ጀመረ።

ከማሽኑ ይልቅ የሚደነቀው ሚስተር ዴቪድ ካሚነርና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ያደራጁበት ዘዴ ነው። ሻይ ቤቶቹ የሚፈልጉትን ሁሉ በየቀኑ ዘርዝረው ቢልኩ ኖሮ ካርድ የሚበሱት ሠራተኞች ሥራ ማለቂያ ባልኖረው ነበር። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ሻይ ቤት መደበኛ ትእዛዝ ተወሰነለት፤ ኃላፊዋ በተመደበላት ሰዓት በስልክ የምታስታውቀው ከመደበኛው የተለየውን ብቻ ሆነ፤ ካርድ በሺዋም እየሰማች ወዲያውኑ ትበሳ ነበር። ይህ መፍትሔ የተገኘው ሻይ ቤቱን ከማወቅ ነው።

በአሜሪካ የነበረው አካሄድ የተለየ ነው። ጀኔራል ኤሌክትሪክ በኬንተኪ ክፍለ ሀገር፣ በሉዊቪል ከተማ ለነበረው የቤት ዕቃ ፋብሪካው ኮምፒዩተር ለመትከል ሲያስብ ጥናቱን አርተር አንደርሰን ለተባለው የኦዲት ድርጅት ሰጠ። በድርጅቱ ውስጥ የአዲሱ ሥራ መሪ የነበሩት ሚስተር ጆሴፍ ግሊካውፍ ሸሪኮቻቸውን ለማስረዳት መብራት የሚያበራ ትንሽ ማሳያ ሠርተው እንደ ነበር ይታወቃል። ዩኒቫክ የተባለው ማሽን በ1954 መጀመሪያ ተተከለ። የታቀዱለት ሥራዎች አራት ነበሩ፦ ደመወዝ፣ የዕቃ ቁጥጥር፣ የትእዛዝና የሒሳብ መጠየቂያ ዝግጅት፣ እንዲሁም አጠቃላይ ሒሳብ።

ደመወዝ ቀላል መስሎ ተጀመረ፤ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። የማሽኑ ማስታወሻ በአንድ ጊዜ የሚይዘው እያንዳንዳቸው 12 ፊደል ወይም አኃዝ ያላቸው 1,000 ቃላትን ብቻ ሲሆን፣ የደመወዝ ደንብ ግን በተቀናሽ፣ በትርፍ ሰዓትና በልዩ ሁኔታ የተሞላ ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሚስተር ሮዲ ኦስቦርን ስለ ሥራው የጻፉት ጽሑፍ በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው የጁላይና የኦገስት 1954 እትም ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ በማሽኑ የተዘጋጀው ግን በኦክቶበር ነው። ዝናው ሥራውን ቀደመው ማለት ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው የሙያው መሠረት ማሽኑን ማወቅ ብቻ አለመሆኑን ነው። ላየንስ ሥራውን ለብዙ ዓመታት ካጠና በኋላ ማሽን ፈለገ፤ በሉዊቪል ግን ማሽኑንና ሥራውን ጎን ለጎን ማጥናት ግድ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳይ የአማካሪው ነጻነት ነው። ላየንስ በ1954 የኮምፒዩተር ኩባንያ አቋቁሞ ማሽኑን ከነምክሩ ለሌሎች ይሸጥ ጀመር። መካሪውም ሻጩም አንድ ሆነ ማለት ነው። አንደርሰን የሚሸጠው ማሽን አልነበረውም፤ ይሁን እንጂ ምክሩና ኦዲቱ በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ። የምክሩ ክፍል እየገዘፈ ሄዶ በ1989 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ፤ በ2001 አክሰንቸር የሚለውን ስም ያዘ። በኦዲት ሥራው የቀጠለው ወገን ደግሞ ከኤንሮን ውድቀት በኋላ በ2002 ከሙያው ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሕዝብ አክሲዮን ያላቸውን ኩባንያዎች የሚመረምር ኦዲተር ለዚያው ደንበኛ የሒሳብ መረጃ ሥርዓት መንደፍና መትከልን ከለከለ። በሉዊቪል የተጀመረው ዓይነት አገልግሎት ለኦዲተር ክልክል ሆነ።

ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድንመክር የምንጠየቅ ባልደረቦች ከፊታችን ያለው ማሽን ሌላ ነው፤ ከመልሳችን በፊት ልንመረምራቸው የሚገቡት ጉዳዮች ግን አልተለወጡም። ሥራውን ከሚሠራው ሰው አጠገብ ተቀምጠን አይተነዋልን? ደንበኛው «እሺ» ቢል የሚጠቀመውስ ማን ነው? እነዚህን ያልመለሰ አማካሪ ደንበኛው ከማስታወቂያ ሊያነብ የሚችለውን ከመድገም በላይ የሚሰጠው ነገር አይኖረውም።