የጯኺዎቹ ንስሮች ዜና መዋዕል፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል 51ኛ ተዋጊ ስኳድሮን ከ1943 እስከ 1995

ይህ ዜና መዋዕል በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ «ጯኺዎቹ ንስሮች» በሚል ስም የታወቀው 51ኛ ተዋጊ ስኳድሮን ከተመሠረተበት ከ1943 አንሥቶ እስከ ፈረሰበት እስከ 1995 የፈጸመውን አገልግሎት በዘመን ቅደም ተከተል የሚተርክ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስኳድሮን ማለት በአንድ አዛዥ ሥር የሚገኝ፣ አንድ ዓይነት አውሮፕላኖችን ከአብራሪዎቻቸውና ከጥገና ሠራተኞቻቸው ጋር የሚይዝ የጦር ክፍል ነው። የባሕር ኃይል ስኳድሮን በየብስ ካለው አየር ኃይል የሚለየው አውሮፕላን ተሸካሚ ከሚባለው መርከብ ላይ፣ ማዕበል ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ጠባብ ወለል እየተነሣ፣ ተመልሶም በዚያው ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ነው። ስለዚህም የዚህን ስኳድሮን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የአውሮፕላኑን፣ የመርከቡንና የአብራሪውን ነገር አንድ ላይ አያይዞ መተረክ ይገባዋል።

ስኳድሮኑ በ1943 የካቲት ወር መጀመሪያ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በተፋፋመበት ጊዜ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌም 5ኛ ተዋጊ ስኳድሮን ተባለ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኑ ሄልካት የተባለው፣ በፒስተን ሞተር የሚሽከረከር ውልብልቢት ያለው ተዋጊ ነበር። ነሐሴ 31 ቀን 1943 የስኳድሮኑ አብራሪዎች ዮርክታውን ከተባለችው መርከብ ተነሥተው የጃፓን ጦር በያዛት በማርከስ ደሴት ላይ ጥቃት በጣሉ ጊዜ ሄልካት ከጦር ሜዳ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቀ። በ1945 ስኳድሮኑ ፍራንክሊን በተባለችው መርከብ ላይ ሳለ፣ መጋቢት 19 ቀን አንድ የጃፓን አውሮፕላን በጣለባት ቦምብ መርከቢቱ ተቃጥላ ከ700 በላይ ሰዎች አለቁባት። መርከቢቱ ግን ሳትሰጥም ወደ አገሯ ተመለሰች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የጄት ዘመን ገባ። የጄት ሞተር አየርን ከፊት ስቦ፣ አምቆና ከነዳጅ ጋር አቃጥሎ የጋለውን ጋዝ ወደ ኋላ በኃይል በመልቀቅ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ፍጥነቱም በውልብልቢት ከሚበሩት ሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን የዚያ ዘመን የጄት ሞተር ነዳጅ በብዛት የሚበላ፣ አብራሪው ጉልበት እንዲጨምርለት ሲያዘውም ቶሎ የማይታዘዝ ስለ ነበር፣ ለማረፍ ወደ መርከቡ ተቃርቦ መሳሳቱን በመጨረሻው ሰዓት ያወቀ አብራሪ ተመልሶ ለመነሣት ጊዜ አያገኝም ነበር። በዚህም ምክንያት ጄትን ከመርከብ ጋር ማስማማት ይቻል እንደ ሆነ ብዙዎች ተጠራጠሩ። የብሪታንያ ባሕር ኃይል አብራሪ ኤሪክ ብራውን ታኅሣሥ 3 ቀን 1945 ኦሽን በተባለችው መርከብ ላይ በቫምፓየር ጄት አርፎ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1946 ሐምሌም አሜሪካዊው ጄምስ ዴቪድሰን ፍራንክሊን ሩዝቬልት በተባለችው መርከብ ላይ ይህንኑ ደገመ።

የአንድ ሰው ሙከራ የስኳድሮን ልማድ የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1947 የባሕር ኃይሉ የማሪን ጦር፣ ይኸውም ከመርከብ ወርዶ በየብስ የሚዋጋውና የራሱ አውሮፕላኖች ያሉት ጦር፣ በ122ኛ ስኳድሮኑ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች ተቀበለ፤ በዚሁ ጊዜ ገደማ በዚህ ዜና መዋዕል የሚነገርለት ስኳድሮንም ፊውሪ የተባለውን ጄት ተረከበ። መጋቢት 10 ቀን 1948 አዛዡ ኮማንደር ኢቫን ኦራንድና ባልደረባው ሮበርት ኤልደር በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ቦክሰር በተባለችው መርከብ ላይ ፊውሪን አሳርፈው አስነሡ። ለአገልግሎት የተሠሩት ፊውሪዎች ቁጥራቸው 30 ብቻ ሲሆን፣ ክንፋቸው ቀጥ ያለ ስለ ነበር ፍጥነታቸው ብዙም አልዘለቀም፤ ሆኖም የሠራቸው ፋብሪካ ከዚያው ንድፍ ተነሥቶ ክንፉን ወደ ኋላ በማዘንበል ሴይበር የተባለውን ዝነኛ የአየር ኃይል ተዋጊ አወጣ። በዚያው በ1948 ነሐሴ ወር ስኳድሮኑ እስከ መጨረሻው የሚጠራበትን 51 ቁጥር አገኘ።

ሰኔ 25 ቀን 1950 የኮርያ ጦርነት ተነሣ። በዚያን ጊዜ 51ኛው ስኳድሮን ፓንተር የተባለውን ባለ አራት መድፍ ጄት ይዞ ቫሊ ፎርጅ በተባለችው መርከብ ላይ በሩቅ ምሥራቅ ይገኝ ነበርና፣ መርከቢቱ ትራያምፍ ከተባለችው የብሪታንያ መርከብ ጋር ሆና ሐምሌ 3 ቀን በፒዮንግያንግ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥቃት ጣለች። ይህም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጄቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጉበት ቀን ሲሆን፣ የስኳድሮኑ አብራሪዎች ሌናርድ ፕሎግና ኤልተን ብራውን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ያክ-9 ተዋጊ ጣሉ። በኅዳር ወር ግን ክንፉ ወደ ኋላ ያዘነበለው የሶቪየት ሚግ-15 ብቅ አለና ፓንተር በፍጥነት እንደሚበለጥ ታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ዋና ሥራው ድልድይን፣ የባቡር ሐዲድንና የጭነት መኪናን መምታት ሆነ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን 311ኛው የማሪን ስኳድሮን በኮርያ ምድር ካለው ከዮንፖ ማረፊያ ተነሥቶ፣ በማሪን ጄቶች ዘንድ የመጀመሪያ የሆነውን ውጊያ አካሄደ፤ ጊዜውም አንደኛው የማሪን ክፍለ ጦር በቾሲን ሐይቅ አካባቢ በቻይና ሠራዊት ተከብቦ በብርዱ መካከል እየተዋጋ ወደ ባሕር የሚያፈገፍግበት ነበር። በዚህ ስኳድሮን ውስጥ በ1953 ጆን ግሌን፣ ኋላ በ1962 ምድርን በሕዋ የዞረው የመጀመሪያው አሜሪካዊ፣ ከታወቀው የቤዝቦል ተጫዋች ከቴድ ዊሊያምስ ጋር አብሮ በርሯል። ቃኘው የተባለው የኢትዮጵያ ሻለቃም በ1951 ግንቦት ፑሳን ወደብ ደርሶ በዚሁ ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል።

የ1951 መስከረም ለ51ኛው ስኳድሮን የፈተና ወር ሆነ። በዚያን ጊዜ ኤሴክስ በተባለችው መርከብ ላይ ከነበሩት አብራሪዎቹ መካከል ገና ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ኒል አርምስትሮንግ ይገኝበት ነበር። በወሩ በ3ኛው ቀን ዝቅ ብሎ ቦምብ ሲጥል ለአውሮፕላን ወጥመድ በሸለቆ ላይ የተወጠረ የብረት ገመድ የፓንተሩን የቀኝ ክንፍ ጫፍ ቆረጠበት፤ እርሱም አውሮፕላኑን እንደ ምንም ተቆጣጥሮ ወገን ወደ ያዘው ምድር ካደረሰው በኋላ፣ ፈንጂ ከአውሮፕላኑ ተኩሶ በሚያወጣው ወንበር ተወንጭፎ በጃንጥላ በሰላም ወረደ። አርምስትሮንግ በዚያ ጦርነት 78 ጊዜ ለውጊያ ከበረረ በኋላ በ1969 ጨረቃን የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስከረም 16 ቀን ደግሞ ጉዳት የደረሰበት አንድ የሌላ ስኳድሮን ባንሺ ጄት በኤሴክስ ላይ ሲያርፍ ሊያቆሙት የተዘረጉትን ገመዶችና መረብ አልፎ በስተፊት በቆሙት አውሮፕላኖች ላይ ወደቀና፣ ነዳጁ ተቀጣጥሎ ሰባት ሰዎች ሞቱ።

ይህ አደጋ የዚያን ዘመን መርከቦች ጉድለት ግልጥ አድርጎ ያሳያል። የመርከቡ ወለል ከኋላ እስከ ፊት አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ስለ ነበር፣ ማቆሚያውን ገመድ የሳተ ጄት ከፊቱ ከቆሙት አውሮፕላኖችና ሰዎች በቀር ሌላ መሄጃ አልነበረውም። መድኃኒቱን ያገኙት ብሪታንያውያን ናቸው። ካፒቴን ዴኒስ ካምቤል ማረፊያውን ወደ ግራ ማዘንበል ይበጃል ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ከሆነ ገመዱን የሳተ አብራሪ ጉልበት ጨምሮ በባዶ ባሕር አቅጣጫ እንደ ገና ይነሣልና። ኮሊን ሚቸል ከባዱን ጄት በእንፋሎት ኃይል ወንጭፎ የሚያስነሣውን ካታፑልት ሠራ፤ ኒኮላስ ጉድሃርት ደግሞ ለአብራሪው የሚወርድበትን ትክክለኛ መስመር በብርሃን የሚያመለክተውን መስተዋት ፈለሰፈ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያዘነበለውን ወለል በ1953 መጀመሪያ አንቲታም በተባለችው መርከብ ላይ ሞክሮ ካጸደቀ በኋላ፣ ኤሴክስም በ1956 በዚሁ መልክ ታድሳ ወጣች። ጄት በመርከብ ላይ ጸንቶ የኖረው በእነዚህ ሦስት ሥራዎች ነው።

በ1960ዎቹ ስኳድሮኑ ክሩሴደር የተባለውን ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚበር ጄት ይዞ፣ በኮማንደር ጄምስ ስቶክዴል አዛዥነት ታይኮንዴሮጋ በተባለችው መርከብ ላይ ነበር። ነሐሴ 2 ቀን 1964 ማዶክስ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ከሰሜን ቬትናም የቶርፔዶ ጀልባዎች ጋር በተዋጋች ጊዜ ስቶክዴል ክሩሴደሮቹን መርቶ በጀልባዎቹ ላይ ተኮሰ። ነሐሴ 4 ቀን ሌሊት ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ ተብሎ እንደ ገና ሲጠራ ግን፣ በጨለማው ባሕር ላይ ዝቅ ብሎ ዞሮ ዞሮ አንድም የጠላት ጀልባ ሳያይ ተመለሰ። ይህም ሆኖ በማግሥቱ የበቀል ጥቃት ታዘዘ፤ ነሐሴ 7 ቀንም የአሜሪካ ምክር ቤቶች ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በቬትናም የጦር ኃይል እንዲጠቀም የፈቀደውን ውሳኔ አሳለፉ። የነሐሴ 4 ሌሊት ጥቃት አለመፈጸሙን የኋላ ዘመን ማስረጃዎች አረጋግጠዋል። ስቶክዴል በ1965 መስከረም፣ ከስኳድሮኑ ወጥቶ የከፍተኛ ክፍል አዛዥ ሳለ፣ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከና ከሰባት ዓመት በላይ በሃኖይ እስር ቤት ተሠቃየ፤ በዚያ ሌሊት ጀልባ አለማየቱን ለአሳሪዎቹ ሳይገልጥ ነጻ ከወጣ በኋላ፣ የዚያን ሌሊት እውነት ለሕዝብ በጽሑፍ መሰከረ።

በቬትናም ጦርነት ስኳድሮኑ በ1968 በክሩሴደር ሁለት ሚግ-21 ጥሏል። ነገር ግን ባሕር ኃይሉ በጠቅላላው ሲታይ ያገኘው ውጤት ከደከመበት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ አብራሪዎች በሚሳይል ተማምነው በቅርብ ርቀት ተጠማዞ የመዋጋትን ጥበብ ረስተው ነበርና። ካፒቴን ፍራንክ ኦልት ስለዚህ ጉድለት መርምሮ ባቀረበው ዘገባ መሠረት፣ በ1969 መጋቢት በካሊፎርኒያ በሚራማር ማረፊያ ቶፕ ገን በሚል ስም የታወቀው የተዋጊ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያም 51ኛው ስኳድሮን ፋንተም የተባለውን፣ አብራሪና የራዳር መኮንን አብረው የሚበሩበትን ጄት ተረክቦ በ1972 ኮራል ሲ በተባለችው መርከብ ላይ በተሰለፈ ጊዜ፣ በግንቦትና በሰኔ አራት ሚግ-17 ጣለ። ፋንተሙ የተሠራው ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ነበር፤ አዲስ የሆነው በእርሱ የተዋጉት ሰዎች ያገኙት ትምህርት ነው።

በ1978 ስኳድሮኑ የመጨረሻ አውሮፕላኑን ቶምካትን ተቀበለ። ቶምካት እንደ ፍጥነቱ መጠን ክንፉን የሚዘረጋና የሚያጥፍ፣ ፊኒክስ በተባለው ሚሳይልም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ዒላማ መምታት የሚችል ተዋጊ ነበር። ስኳድሮኑ ኪቲ ሆክና ካርል ቪንሰን በተባሉት መርከቦች ላይ ሆኖ በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ሲጠብቅ ቆየ። የቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ የአሜሪካ መንግሥት የሠራዊቱን ቁጥር በቀነሰ ጊዜ ግን ተራው ደረሰና መጋቢት 31 ቀን 1995 ፈረሰ።

በ52 ዓመታት ውስጥ ስኳድሮኑ ከውልብልቢት እስከ ታጣፊ ክንፍ ድረስ ብዙ ዓይነት አውሮፕላን ለውጧል፤ እያንዳንዱም በዘመኑ አዲስና ብርቱ ተብሎ ተመስግኗል። በዚህ ዜና መዋዕል እንደ ታየው ግን አብራሪዎችን ያተረፈው የመርከቡን ጉድለት መርምሮ ያረመው ሰው ነው፤ ድል ያስገኘውም የራሱን ወገን ድክመት ሳይሸፍን ለአለቆቹ ያቀረበው መኮንን ነው። ስለ ጦር አውሮፕላን የሚያነብና የሚጽፍ ሁሉ የወደቁትን ሚጎች ሲቆጥር በኤሴክስ ወለል ላይ የተቃጠሉትን ሰባቱን ሰዎችም ይቁጠር፤ ከስቶክዴል ጀግንነትም ትልቁ አላየሁም ብሎ መመስከሩ እንደ ሆነ ይወቅ።