ተወካይ ተከፋይ

ተወካይ ተከፋይ ማለት የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር፣ ገንዘቡን ራሱ ማስተዳደር የተሳነው ሰው የሚያገኘውን ክፍያ ተቀብሎ ለኑሮው እንዲያውልለት የሚሾመው ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም ድርጅት ነው። ለሕጻናትም ይሾማል፤ እዚህ የሚነገረው ግን የመርሳት በሽታ፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የጭንቅላት ጉዳት አቅም ስላሳጣቸው አዋቂዎች ነው። ክፍያው ጡረታ፣ የአካል ጉዳት አበል ወይም ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ኤስኤስአይ ሊሆን ይችላል። በተወካዩ እጅ ቢያልፍም ገንዘቡ ምንጊዜም የባለመብቱ ነው።

ሕጉ ማንኛውም አዋቂ ገንዘቡን ማስተዳደር ይችላል ከሚል ግምት ይነሳል። የበሽታ ስም ብቻውን ተወካይ አያሾምም፤ መሥሪያ ቤቱ የሐኪም አስተያየት ይጠይቃል፣ የባለመብቱን አኗኗር የሚያውቁ ሰዎችንም ያነጋግራል። ኪራይ በወቅቱ ይከፈላል? ቤት ውስጥ የሚበላ አለ? ፍርድ ቤት ሰውዬው ችሎታ የለውም ብሎ ከወሰነ ግን ተወካይ መሾሙ የማይቀር ነው። አመልካቹ ኤስኤስኤ-11 የተባለውን ቅጽ ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፊት ለፊት ቀርቦ ይጠየቃል። መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ስለሚያቀርብ፣ ስለ እናቱ ሕመም እንዲተረጉም የቤቱን ልጅ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ጉዳይን በውክልና መጨረስ ለለመደ ኢትዮጵያዊ እንግዳ የሚሆንበት፣ ውክልና እዚህ አለመሥራቱ ነው። አዲስ አበባ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበም ሆነ አሜሪካ በኖታሪ የተፈረመ ውክልና የሶሻል ሴኩሪቲን ክፍያ ለማስተዳደር ሥልጣን አይሰጥም። ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት እንኳ ለብቻው ማመልከት አለበት። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም የራሱን ባለአደራ በራሱ መንገድ ይሾማል።

ከባዱ ሥራ ከሹመቱ በኋላ ይመጣል። እንበል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ልጅ የመርሳት በሽታ ለያዛቸው እናቷ ተወካይ ሆነች። ወሩ ሲገባ የእናትየው ኤስኤስአይ የሚገባው ባለቤትነቱ በእናትየው ስም፣ የልጅቱ ስም ደግሞ በተወካይነት ብቻ በተጻፈበት የተለየ ሒሳብ ነው። ከዚያ ላይ የእናትየው የኪራይ ድርሻ፣ ምግባቸው፣ መድኃኒታቸው፣ የክረምት ካፖርታቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ታክሲ ይከፈላል። የወቅቱ ፍላጎታቸው ከተሟላ በኋላ የተረፈው ይቀመጥላቸዋል። ጎንደር ላለው የእህት ልጅ ሰርግ መዋጮ ግን ከዚህ ገንዘብ አይወጣም። በአንድ ማዕድ ለሚበላ፣ የአንዱን ችግር ሌላው ለሚሸፍን ቤተሰብ ይህ ድንበር ይከብዳል፤ ሆኖም ሒሳባቸውን መጠየቅ ለማይችሉ እናት ድንበሩ መከታቸው ነው።

ማስቀመጡም ገደብ አለው። ብቸኛ የኤስኤስአይ ተቀባይ የሚቆጠር ሀብቱ ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ ጣሪያው ከ1989 ወዲህ ፈቅ አላለም፣ ይህም ቆጥቦ ማስቀመጥን የሚቀጣ አሳዛኝ ሕግ ነው። በ2014 በወጣ ሕግ የተፈቀደው ኤብል የተባለው ሒሳብ ጥቂት መተንፈሻ ሰጥቷል፦ በውስጡ ያለው የመጀመሪያው 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ሒሳቡን ለመክፈት የአካል ጉዳቱ ከ26 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር ነበረበት፤ ከ2026 ጀምሮ ግን ከ46 በፊት ሆኗል። ሌላው ብዙ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ጉዞ ነው። ኤስኤስአይ የሚቀበሉ እናት አገራቸውን ለማየት ሄደው 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ክፍያው ይቋረጣል፤ ተመልሰው 30 ተከታታይ ቀን ካልተቀመጡ አይቀጥልም። ጉዞውን አስቀድሞ ማሳወቅ የተወካዩ ግዴታ ነው። ሳያሳውቅ ቀርቶ የተወሰደው ትርፍ ክፍያ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ቁጥጥሩ ከመከራ የተማረ ነው። በ1984 የወጣው ሕግ ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርትን አጥብቆ ጠየቀ። ያም ሆኖ በ2011 ፊላደልፊያ ውስጥ አራት የአእምሮ ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በአንድ ምድር ቤት ተቆልፎባቸው ተገኙ፤ ያሰረቻቸው ሴት የምትፈልገው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያቸውን ነበር። በ2015 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ2018 የወጣ ሕግ ደግሞ የትዳር ጓደኛን፣ አብረው የሚኖሩ ወላጆችንም ከዓመታዊው ሪፖርት ነጻ አውጥቷል። ደረሰኝ የመያዝ ግዴታ ግን አልተነሳም፤ መሥሪያ ቤቱ በጠየቀ ጊዜ መቅረብ አለበት። ገንዘቡን ለራሱ ያዋለ ተወካይ ይመልሳል፣ በወንጀልም ይከሰሳል።

ባለመብቱ ዝም ብሎ የሚሾምበት ሰው አይደለም። ውሳኔው በደብዳቤ ይደርሰዋል፣ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፣ ሲሻለውም ማስረጃ አቅርቦ ክፍያው ወደ ራሱ እንዲመለስ ይጠይቃል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ገና አእምሮው ጤናማ ሳለ፣ ወደፊት ቢያስፈልግ ማን እንዲወክለው እንደሚሻ እስከ 3 ሰዎች ስም በቅደም ተከተል ማስመዝገብ ይችላል። የመርሳት በሽታ ምልክት ገና መታየት ሲጀምር ይህን ማድረግ፣ በኋላ ልጆች እርስ በርስ የሚካሰሱበትን በር ይዘጋል።

በእስራኤል ተመሳሳዩን ሥራ በ1962 ሕግ መሠረት የሚሾመው አፖትሮፖስ ይሠራል፤ በ2016 የተደረገው ማሻሻያ ግን ሰው ራሱ እየወሰነ የሚታገዝበትን መንገድ ጨምሯል። በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍርድ ቤት አእምሮው የታወከን ሰው በፍርድ ከልክሎ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾምለት ይፈቅዳል። አሳዳሪው ስለ ሰውየው፣ ሞግዚቱ ስለ ንብረቱ ነው የሚጠየቁት።

የተወካዩ ሥራ በሌላ ሰው ሲተካ ያስቀመጠውን ገንዘብ አስረክቦ፣ ባለመብቱ ሲሞት ደግሞ የተረፈውን ለሟች ውርስ አስተላልፎ፣ ከሞት በኋላ ሳይገባ የመጣውንም ክፍያ ለመሥሪያ ቤቱ መልሶ ያበቃል።