መጥፎ ዜና ወደ ላይ ሳይደርስ ሲቀር፦ የቦይንግ ሥራ አመራር፣ ፈጠራና መልካም ስም

በሥራ አመራር ጥናት ፈጠራና መልካም ስም ብዙ ጊዜ ተነጣጥለው ይታያሉ፤ አንዱ የምርምር ክፍል፣ ሌላው የሕዝብ ግንኙነት ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። የቦይንግ ታሪክ ግን የሁለቱም መነሻ አንድ መሆኑን ያሳያል፤ ይኸውም ባለሙያው ያየው ችግር ከውሳኔ ሰጪው ጆሮ መድረስ አለመድረሱ ነው።

ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) 777 አውሮፕላንን ሲነድፍ ስምንት አየር መንገዶችን አማክሯል። የ777 ፕሮጀክት መሪ አለን ሙላሊ በሚመራቸው ስብሰባዎች ላይ እያንዳንዱ ኃላፊ የገጠመውን ችግር በግልጽ እንዲያቀርብ ይጠበቅ ነበር። በ1997 ቦይንግ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ተዋሐደ፤ በ2001 ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን አውሮፕላኖቹ ከሚነደፉበት ከሲያትል አካባቢ ወደ ቺካጎ አዛወረ። ከ2013 ወዲህ በነበሩት ስድስት ዓመታት የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ማየት የአመራሩን ቅድሚያ ከማንኛውም መግለጫ በላይ ይናገራል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የቦይንግ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የነበረው አሜሪካን አየር መንገድ 260 የኤርባስ አውሮፕላኖችን አዘዘ። የቦይንግ ቦርድ ብዙም ሳይቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1967 በበረረው 737 ላይ አዲስ ሞተር እንዲገጠም ወሰነ፤ ይህም 737 ማክስ ተባለ። የሞተሩ ትልቅነትና አቀማመጥ አፍንጫውን ወደ ላይ የመግፋት ባሕርይ ስላመጣ፣ ይህን የሚያርም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተሠራ። ከላይ የወረደው መመሪያ ግን ጥብቅ ነበር፦ አብራሪዎች በሲሙሌተር መሠልጠን የለባቸውም። ሥልጠና ካስፈለገ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ውል ገብቶ ነበር።

ኤምካስ በመጀመሪያ ንድፉ ሁለት የተለያዩ ምልክቶችን ካላገኘ አይሠራም፤ ጅራቱንም ቢበዛ 0.6 ዲግሪ ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ዝቅተኛ ፍጥነት ላይም እንዲሠራ ሲደረግ ግን አንደኛው ምልክት ቀረና ሥራው ሁሉ ክንፉ ከአየሩ ፍሰት ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን በሚለካ አንድ ዳሳሽ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጉልበቱም ወደ 2.5 ዲግሪ አደገ። አንድ የኩባንያው የሙከራ አብራሪ በ2012 በሲሙሌተር ውስጥ ሶፍትዌሩ ያለ ምክንያት ሲነሳ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት፣ ውጤቱ እጅግ አደገኛ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። መረጃው ለአየር መንገዶች አልደረሰም። የኤምካስ ስም ራሱ ከአብራሪዎች መመሪያ ተሰርዟል። ሐሳቡ ፈጠራ ነበር፤ አደገኛ ያደረገው በሥልጠና ወጪ ፍርሃት መደበቁ ነው።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን ኤምካስ በስህተት ተነስቶ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተከስክሶ 189 ሰዎች አለቁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በተመሳሳይ ሁኔታ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ በተነሳ በ6 ደቂቃው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ጣት ወደ አብራሪዎች ሲቀሰር፣ የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስ ይፋ ያደረጉት የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ በአምራቹ የተሰጠውን ቅደም ተከተል መከተላቸውን አስታወቀ። በአምራቹ የአመራር ጉድለት የተጠየቀው የደንበኛው ስም መሆኑ በመልካም ስም ጥናት በቂ ትኩረት ያላገኘ ግፍ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) 20 ተጨማሪ ማክስ ማዘዙን የቦይንግ ስም እንደታደሰ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ይቻል ይሆናል። እኔ አልስማማም፤ የትልልቅ ጄቶችን ገበያ ኤርባስና ቦይንግ ተከፋፍለውት ሳለ ትዕዛዝ የመተማመን መለኪያ አይሆንም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ከአላስካ አየር መንገድ ማክስ ላይ የበር መዝጊያ በአየር ላይ ሲገነጠል፣ መርማሪዎች አራቱ ማሰሪያ ብሎኖች እንዳልተገጠሙ አረጋግጠዋል። መዝጊያው በፋብሪካ ሲነሳም በሰነድ አልተመዘገበም ነበር።

የቴክኒክ አቅም ማነስም ሰበብ አይሆንም። ማክስ ከ20 ወራት እገዳ በኋላ ወደ በረራ ሲመለስ ኤምካስ ከሁለት ዳሳሾች እንዲያነብ ተደርጎ ነበር፤ ሁለተኛው ዳሳሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውሮፕላኑ ላይ ተገጥሞ ነበር።