የትራክተር ማንሻና የቫልቭ ታሪክ፦ ከፈርጉሰን እስከ ክፍል በክፍል ቁጥጥር

በሀገራችን ስለ እርሻ ሜካናይዜሽን ሲነሳ በቅድሚያ የሚቀርበው ጥያቄ «ትራክተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ትራክተሩ የያዘውን ተቀጽላ መሣሪያ በሚፈለገው ጥልቀት ማስገባት፣ በሚፈለገውም ቦታ ማንሳት ካልቻለ የሞተሩ ጉልበት ብቻውን ማሳ አያለሰልስም። ይህን ሥራ የሚያከናውነው የሃይድሮሊክ ዘይት ሲሆን ዘይቱን የሚያዘው ደግሞ ከሹፌሩ መቀመጫ ጎን ካሉት ማንሻዎች በታች ያለው ቫልቭ ነው። በቢታ ገነትም ሆነ በሌሎች የካፋ ዞን ወረዳዎች ማኅበራት በጋራ ገንዘባቸው የእርሻ መሣሪያ ለመግዛት በሚመክሩበት ጊዜ የዚህን ትንሽ ዕቃ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

በበሬ የሚያርስ ገበሬ ቫልቩን በእጁ ይዞታል ማለት ይቻላል። ማረሻው ጠልቆ በሬዎቹ ሲከብዳቸው እርፉን ያቀልላል፤ አፈሩ ሲላላ ይጫነዋል፤ ድንጋይ ሲነካው ነቅሎ ያሳልፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ትራክተሮች ይህ እጅ አልነበራቸውም። ማረሻው እንደ ጋሪ ከኋላ የሚጎተት ስለነበረ ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዘው ሞተሩ መግፋቱን አያቆምም፤ የትራክተሩ ፊት ወደ ላይ ይነሳና ወደ ኋላ ይገለበጣል። በዚህ አደጋ ሕይወታቸውን ያጡ ሹፌሮች ጥቂት አልነበሩም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የምግብ እጥረት ስላሰጋ በብሪታንያና በአየርላንድ የትራክተር እርሻ እንዲስፋፋ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1917 የአየርላንድ የግብርና ቦርድ የትራክተሮችን አሠራር እንዲያሻሽል ለሃሪ ፈርጉሰን ኃላፊነት ሰጠው። ፈርጉሰን የገበሬ ልጅና መካኒክ ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ ማረሻውን ከመጎተት ይልቅ ከትራክተሩ አካል ጋር በሦስት ነጥብ አያያዘው፤ ሁለት ክንዶች ከታች፣ አንድ ዘንግ ከላይ። እ.ኤ.አ. በ1926 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሥራ ደግሞ ይህን ማያያዣ ከሃይድሮሊክ ጋር አገናኘው። ማረሻው አፈር ሲከብደው የላይኛውን ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል፤ ዘንጉ ስፕሪንግ ይጫናል፤ ስፕሪንጉ ቫልቩን ያንቀሳቅሳል፤ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ማረሻውን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። ሲቀልል ተመልሶ ይወርዳል። ሹፌሩ ምንም ሳይነካ እርፍ የያዘ እጅ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የማረሻውና የአፈሩ ክብደት ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚዛወር ቀላል ትራክተር እንኳ ሳይንሸራተት ያርሳል።

ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ከአሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ ጋር ውል ሳይጻፍ በመጨባበጥ ብቻ ተስማሙ፤ በ1939 ሥርዓቱን የያዘው የፎርድ ትራክተር ገበያ ላይ ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ስምምነቱን አቋርጦ ያንኑ የመሰለ ትራክተር ማምረት ስለቀጠለ ፈርጉሰን ክስ መሠረተ። ክሱ እ.ኤ.አ. በ1952 በስምምነት ሲዘጋ ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ከገንዘቡ ይልቅ ትኩረት የሚስበው የስምምነቱ ሌላው ነጥብ ነው። ፎርድ ዘይት በሚስብበት በኩል ቫልቭ ያለውንና እንደ ማረሻው ጫና የሚታዘዘውን ፓምፕ ማምረቱን እንዲያቆም ተገደደ። ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች የተካሰሱት በቫልቩ አቀማመጥ ጭምር ነበር። የቃል ስምምነት የት እንደሚያደርስም ለማኅበራት አመራሮች ጥሩ ማሳያ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ በንጉሡ ዘመን ትራክተር በስፋት የታየው በሰቲት ሁመራ፣ በአዋሽ ሸለቆና በአርሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ዓላማው አነስተኛ ገበሬውን መርዳት ነበር። ትራክተር ያለ ቀረጥ መግባቱና የስንዴ እርሻ ትርፋማ መሆኑ ግን በርካታ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነስተው መሬቱን ራሳቸው በማሽን እንዲያርሱ አበረታታ። በጭሰኛው ዓይን ትራክተር ማለት የመፈናቀል ምልክት ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ሰፋፊ የሜካናይዜሽን እርሻዎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ የቤላሩስ ትራክተርም በሁሉም ዘንድ ታወቀ።

ቤላሩስ 80 ሦስት ክፍል ያለው አከፋፋይ ቫልቭ ነበረው። አንዱ ክፍል የኋላውን ማንሻ፣ ሌሎቹ ሁለቱ የውጭ መውጫዎችን ያዛሉ። እያንዳንዱ ማንሻ አራት አቋም አለው፤ ማንሳት፣ ማቆም፣ በግፊት ማውረድና መንሳፈፍ። መንሳፈፍ ማለት ዘይቱ በሁለቱም በኩል ነፃ ሆኖ ተቀጽላው የመሬቱን ወጣ ገባ እንዲከተል መፍቀድ ነው። ይህን አቋም በትክክል ያልተማረ ሹፌር ዘር መዝሪያውን በግፊት አውርዶ ይነዳና ዘሩን ከሚገባው በላይ ይቀብረዋል፤ ከዚያ «ዘሩ አልበቀለም» ይባላል።

ተቀጽላው እየሰፋ ሲሄድ ሌላ ጥያቄ ተነሳ። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ማሳ ላይ በአራት ክፍል የተሠራ የመስመር መዝሪያ ቢገባ የአንዱ ጎን ክፍል ከሌላው ቀድሞ መነሳት አለበት። አለበለዚያ ዘርና ማዳበሪያ በተዘራበት ላይ ይደገማል። ሦስት ማንሻ ብቻ ያለው ትራክተር አራት ክፍሎችን ለየብቻ እንዲያዝ የሚደረገው ከአንዱ መውጫ ዘይት ወስዶ በተቀጽላው ላይ በተገጠመ የቫልቭ ብሎክ በማከፋፈል ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ ይደረግለታል፤ ሹፌሩ በማብሪያና ማጥፊያ ያዛቸዋል።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም አገጣጠሙ ላይ ብዙ ስህተት ይፈጠራል። አንደኛ፣ እንደ ቤላሩስ ባሉ ትራክተሮች ፓምፑ ዘይት ያለማቋረጥ ያዞራል፤ በአንዳንድ ዘመናዊ ትራክተሮች ግን ዘይቱ ሲጠራ ብቻ ይመጣል። ለሁለተኛው ዓይነት የተሠራ ብሎክ ከመጀመሪያው ጋር ቢያያዝና ማንሻው ተጭኖ ቢቆይ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ በግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል እየጮኸ ይመለሳል፤ ይግላል፤ ማሸጊያዎችን ያበላሻል። ስለሆነም ማንኛውም ክፍል ሳይታዘዝ ሲቀር ዘይቱን በነፃ ወደ ጋኑ የሚመልስ ተጨማሪ ቫልቭ ያስፈልጋል። ዘይት ደግሞ ወደ ቀለለው ይሄዳል። ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሲታዘዙ ቀላሉ ቀድሞ ይነሳል፤ እኩል እንዲነሱ ከተፈለገ የዘይት ማካፈያ መግጠም ግድ ነው። የተነሳው ክፍል በጉዞ ላይ ቀስ በቀስ እንዳይወርድ በሲሊንደሩ አጠገብ ዘይቱን ቆልፎ የሚይዝ ቫልቭ፣ በድንገት ወርዶ መሬት እንዳይመታም ፍሰቱን የሚያጠብ ቀዳዳ ይደረጋል። ያም ሆኖ በቫልቭ ታምኖ ከተነሳ ተቀጽላ ሥር መግባት ክልክል ነው፤ በብረት ወይም በወፍራም እንጨት መደገፍ አለበት። የሚያፈስ ቱቦንም በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ጣትም ሊያሳጣ ይችላል።

በሰፊ የፀረ አረም መርጫ ላይ ያለው አሠራር የተለየ መሆኑንም ማስታወስ ያሻል። ክንፎቹን የሚዘረጋውና የሚያጥፈው የሃይድሮሊክ ዘይት ሲሆን ክፍሉን የሚዘጋው ቫልቭ የሚቆጣጠረው ግን የሚረጨውን ፈሳሽ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በሳተላይት የአቅጣጫ ምልክት ላይ ሆን ብላ ታደርግ የነበረውን ማዛባት ካቆመች በኋላ የተረጨውን ቦታ መዝግቦ ቫልቮቹን ራሱ የሚዘጋ መሣሪያ በበለጸጉት ሀገሮች እየተስፋፋ መጥቷል።

ከትራክተር ባለቤትነት አንጻር የአርሲውን ታሪክ የሚገለብጠው የኅብረት ሥራ መንገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እና በኋላ በተተካበት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተደራጁ ማኅበራትና ዩኒየኖች ማሽኑን መሬቱ የሚታረስለት ሰው ራሱ የጋራ ባለቤት እንዲሆንበት ያስችላሉ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ደግሞ የመግዣውን ዋጋ አቅልሏል። የጥገናውን ወጪ ግን አላቀለለውም።

ይህ ለቢታ ገነት አርሶ አደር ቀላል ነገር አይደለም። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ቢታ ገነት ደግሞ ከቦንጋም አልፎ ነው። በዘር ወቅት አንዲት የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት ተበልታ ማሽኑ ቢቆም ዝናቡ አይጠብቅም። በጥላ ዛፍ ሥር ላለ ቡናና ለጓሮ እንሰት ትራክተር አያስፈልግም፤ ጥያቄው የሚመለከተው በቆሎና ሌላ እህል የሚዘራበትን ለጥ ያለ መሬት ነው። በተዳፋት ላይ የተነሳ ተቀጽላ ትራክተሩን በጎኑ ለመገልበጥ ያመቻቻል፤ ስለዚህ በጎን ተዳፋት ሲታለፍ ተቀጽላው በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይያዛል። ግዢ ላይ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው የትራክተሩ መውጫዎች ስንት እንደሆኑ፣ ፓምፑ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ተቀጽላው ከዚህ ጋር መስማማቱን፣ መለዋወጫና የሹፌር ሥልጠና ከዋጋው ጋር መካተታቸውን ጠይቆ መልሱን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ይችላል።