ስኪ ከማሰራችሁ በፊት፦ ከየምክሩ ጀርባ ማን ወደቀ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በበረዶ ሸርተቴ ልትጫወቱ ነው እንበል። ውጭ አገር የምትኖሩ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ ጉዞ አዘጋጅቶ ይሆናል። አገር ቤት ያላችሁት ደግሞ በቴሌቪዥን አይታችሁ «እኔ ብሆን እንዴት እቆማለሁ?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። እዚያ ስትደርሱ ምክር ይዘንብባችኋል። «ጉልበታችሁን እጠፉ!» «ክብደታችሁን በትክክል ተናገሩ!» «ከፊት ላለው ቅድሚያ ስጡ!» መቼም ምክር ሲበዛ ይሰለቻል። ግን እኮ እነዚህ ምክሮች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ከብዙዎቹ ጀርባ የወደቀ፣ የተሰበረ ወይም ዕድሜውን ሙሉ የለፋ ሰው አለ። እስቲ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት አንዳንዶቹን እንተዋወቃቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንኮራኩር የሚቀድም ጣውላ

ስኪ ማለት ከጫማ ሥር የሚታሰር ረጅምና ጠባብ ጣውላ ነው። ቃሉ የመጣው ከጥንታዊ የኖርዌይ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙም «የተፈለጠ እንጨት» ነው። ሲጀመር ጨዋታ አልነበረም። ጥልቅ በረዶ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ አዳኝ እስከ ጭኑ ይሰምጣል። ክብደቱን በረጅም ጣውላ ላይ ሲያሰራጨው ግን ከላይ ይንሳፈፋል። በሰሜን ሩሲያ 8000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የስኪ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። ያኔ መንኮራኩር ገና አልተፈጠረም! በ1924 በስዊድን ካልቭትሬስክ የተገኘው ስኪ ደግሞ ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አብሮት የተገኘው ዘንግ ጫፉ እንደ አካፋ ነው። ባለቤቱ ሲሄድ ይደገፍበታል፣ ሲያስፈልገው በረዶ ይዝቅበታል።

የእነዚህ ሰዎች ተረከዝ ግን አይታሰርም ነበር። ጣታቸው ብቻ በጠፍር ይያዛል። ለሜዳ ይበቃል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጣውላው ወደ አንድ ጎን፣ ሰውየው ወደ ሌላ!

ተረከዙን ያሰረው ገበሬ

ይህን የለወጠው ሶንድሬ ኑርሃይም ነው። በ1825 ሞርገዳል በምትባል የኖርዌይ መንደር የተወለደ ድሃ ጭሰኛ ነበር። ተጣጣፊ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ገምዶ በተረከዙ ዙሪያ አሰረው፤ ጣውላውም መሐል ወገቡ ላይ ቀጠን እንዲል አድርጎ ጠረበው። በ1868 ኦስሎ (ያኔ ክርስቲያኒያ ትባል ነበር) በተደረገ ውድድር የ42 ዓመቱ ኑርሃይም ከከተሜዎቹ ፊት ቀርቦ አሸነፈ።

ወገቡ የቀጠነ ስኪ ለምን ይጠቅማል? ጣውላውን በጎኑ ስታዘነብሉትና ስትጫኑት ይጎብጣል፤ ጠርዙም በረዶው ላይ ቅስት መስመር ይቆርጣል። ስለዚህ በራሱ ይታጠፋል። ዛሬ የሚከራዩላችሁ ስኪዎች ከ1990ዎቹ ወዲህ ይህን ቅርጽ በደንብ አጉልተው የተሠሩ ናቸው። ለጀማሪም ቀላል የሆኑት ለዚህ ነው። ስትከራዩ ታዲያ ከቁመታችሁ አጠር ያለ ምረጡ። ረጅሙ ይፈጥናል፣ አጭሩ ይታዘዛል።

«ለ» የምትባል ፍሬን

የኖርዌይ ኮረብታ ለስላሳ ነው፤ የአልፕስ ተራራ ግን ገደል ነው። ኦስትሪያዊው ማትያስ ዝዳርስኪ፣ ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 ግሪንላንድን በስኪ እንዴት እንዳቋረጠ አነበበና ከኖርዌይ ስኪ አስመጣ። ሞከረው፤ አልሆነም። ስለዚህ ጣውላውን አሳጠረው፣ ማሰሪያውን ለወጠው፣ ዓመታት ፈጅቶ በገደል ላይ መታጠፍን ተማረ። በ1890ዎቹ መጨረሻም ያወቀውን በመጽሐፍ አሳተመ።

በእሱ መንገድ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያ ትምህርታችሁ ይህ ነው፦ የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቡ፣ ጭራቸውን አራርቁ። ከላይ ሲታይ እግሯን የከፈተች «ለ» ትመስላለች። የውስጥ ጠርዞቹ በረዶውን ሲፍቁ ትዘገያላችሁ። «ለ»ን ይበልጥ ስታሰፏት ትቆማላችሁ። ቀኝ እግራችሁን ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑ ወደ ግራ ትዞራላችሁ፤ ግራውን ስትጫኑ ወደ ቀኝ። በቃ! በመጀመሪያው ቀን ይህን ብቻ ካወቃችሁ አትርፋችኋል።

ዝዳርስኪ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የበረዶ ናዳ ቀበረው። 80 ገደማ ስብራትና ውልቃት ደርሶበት ተረፈ፤ ቆይቶም ወደ ስኪው ተመለሰ። ተራራን እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው ይህ ከደረሰበት፣ እናንተ ምልክት ከተደረገበት መንገድ አትውጡ።

ፍርሃት ወደ ኋላ ይስባል

ቁልቁለት ስናይ ሁላችንም ወደ ኋላ እንዘነበላለን። ተፈጥሮ ነው። ግን ክብደታችን ጭራው ላይ ሲያርፍ የስኪው አፍንጫ ይቀልላል፤ መዞር እንቢ ይላል፣ ጣውላውም ይዞን ይሮጣል። በ1907 ሳንክት አንቶን በምትባል የኦስትሪያ መንደር ማስተማር የጀመረው ሃነስ ሽናይደር መፍትሔው ጉልበትን አጥፎ ወደ ፊት መጎንበስ እንደሆነ አስተማረ። የታጠፈ ጉልበት እንደ መኪና ሞላ ንዝረቱን ይውጣል። ቅልጥማችሁ የጫማውን የፊት ክፍል ሲነካ ይሰማችሁ፤ ያኔ አቋቋማችሁ ትክክል ነው።

ሽናይደር ሌላም ነገር አደረገ፦ ተማሪዎችን በችሎታቸው ከፋፈለ። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር፣ የቻለ ከቻለ ጋር። «ጓደኛዬ ያስተምረኛል» ብላችሁ በቀጥታ ወደ ጫፍ እንዳትወጡ፤ ለጀማሪዎች ክፍል ተመዝገቡ። ሽናይደር በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ታሰረ፤ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያ ማስተማሩን ቀጠለ።

የተሰበረ እግር የወለደው ማሰሪያ

አሁን ተረከዝ ታስሯል፣ ፍጥነትም ጨምሯል። አዲስ ችግር መጣ፦ ስትወድቁ ረጅሙ ጣውላ ይጠመዘዛል፤ እግር ካልተለቀቀ አጥንት ይሰበራል። ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ያልማር ቫም በ1937 እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያሰበው ይህንኑ ነበር፦ ስንሄድ የሚይዝ፣ ስንወድቅ የሚለቅ ማሰሪያ። በ1939 ሠርቶ አወጣው።

ዛሬ የኪራይ ሱቅ ሠራተኛው ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁን፣ ዕድሜያችሁንና ችሎታችሁን የሚጠይቃችሁ ማሰሪያው በስንት ኃይል እንደሚለቅ ለመወሰን ነው። አፍራችሁ «እችላለሁ» ካላችሁ በጣም ይጠብቅና በሚያስፈልግበት ሰዓት አይለቅም። እዚህ ላይ ጉራ አጥንት ያስከፍላል።

ሰው ሲበዛ ሕግ ይመጣል

በ1936 አሜሪካ ሰን ቫሊ ላይ ሰው የሚያወጣ የኬብል ወንበር ሥራ ጀመረ። የነደፈው መሐንዲስ ሐሳቡን ያገኘው መርከብ ላይ የሙዝ ዘለላ ከሚጭን ማሽን ነበር! አቀበቱ ሲቀል ተራራው በሰው ተጨናነቀ፤ መጋጨትም መጣ። በ1967 ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን አሥር የሥነ ምግባር ደንቦችን አወጣ። ዋናው ቀላል ነው፦ ከፊታችሁ ያለው ሰው እናንተን አያያችሁም፤ ስለዚህ መጠንቀቅ ያለበት ከኋላ የሚመጣው ነው። ስታርፉም መንገድ ዳር እንጂ መሐል አትቁሙ።

እንግዲህ ሻንጣው

ከሰውነት የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። ካልሲ አንድ ቀጭንና ረጅም ይበቃል፤ ሁለት ስትደርቡ እግር ይጨናነቅና ጭራሽ ይበርዳል። አዲስ በረዶ ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ መነጽርና የፀሐይ ቅባት አትርሱ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ዓይን ደግሞ የሁላችንም አንድ ነው። ሄልሜትም ግድ ነው። ከጉዞው በፊት ለጥቂት ሳምንታት ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ያለ ወንበር «እየተቀመጣችሁ» ጭናችሁን አጠንክሩ።

«የእኛ ሰው ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው?» የሚላችሁ ካለ፣ ስለ ሮቤል ተክለማርያም ንገሩት። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ስኪ ተማረ። በኋላ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ ባለው ስኪ ተለማምዶ በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወከለ፤ ከዚያ በፊት በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። ከኋላው ሌሎች ነበሩ።

እናንተም ትወድቃላችሁ፤ ይህ አይቀርም። ስትወድቁ ወደ ጎን ውደቁ፣ ስኪዎቹን ከቁልቁለቱ አግድም አድርጉ፣ ከዚያ ተነሱ። ከእናንተ በፊት የወደቁት የተዉላችሁ ትምህርት ይኸው ነው።