ከመዝገቡ በፊት ቅሬ ነበር



ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ፣ ዛሬ በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ላይ ያለች፣ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት በሐይቅና በአምባሰል ይሄን ሥራ ማን ነበር የሚሠራው?» «ቅሬ» ብዬ መለስኩላት። በኋላ ሳስበው መልሱ ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። ሌላውን ግማሽ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና አስቀርቡና አንብቡት።

ወሎ ላላደጋችሁ፦ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ግን ልዩነት አለው። የከተማው እድር ወርኃዊ መዋጮ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ማኅተም አለው። የገጠሩ ቅሬ ዋና ሀብቱ ጉልበት ነው። ሰው ሲሞት ጥሪው ይሰማል፣ ያኔ ሁሉም ሥራውን ይጥላል። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሌላው እንጨት ይፈልጣል፣ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ። ሐዘንተኛው ቤት ለቀናት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ያበላል። አዝመራ ደርሶ ከሆነ ያጭዱለታል። ታማሚ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስም የዚሁ ሰው ሥራ ነው።

ደግሞ ወሎ ነውና ቅሬው ክርስቲያን ሙስሊም አይልም። ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ መቃብር ይቆፍራል፣ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሸኛል። ክርስቲያኑም ለጀናዛው እንዲሁ። እርዱ ለየብቻ ነው፣ ለቅሶው ግን አንድ ነው። ይሄ የሆነው ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን አቅልለው ስለሚያዩ አይደለም። ሞት ሲመጣ በቅርብ ያለው ሰው ጎረቤት ስለሆነ ነው። ቅሬ የተሠራው በቅርበት ላይ ነው።

ሕግም አለው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ደጋግሞ እንቢ ያለ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ቤቱ እሳት አይጫርም፣ ሲሞት የሚቆፍርለት የለም። ፖሊስና ፍርድ ቤት ሩቅ በነበሩበት ዘመን ሰው ከእስር ይልቅ ይሄን ይፈራ ነበር። ጥል ሲነሳም የቅሬው ሽማግሌዎች ናቸው ቀድመው የሚደርሱት።

ከቅሬ ጎን ሌላም ነገር ነበረ። የሐይቅ እስጢፋኖስን ስም ስንጠራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ነገሥታቱና ስለ ብራናው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲያስተምሩበት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ሰዎች ተምረውበታል፤ የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ይሄን ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ልጨምር፦ የቤተ ክርስቲያን ተማሪውን ለዘመናት ማን አበላው? ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሰጠችው የገበሬ ሚስት ናት። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም፣ በዳናና በገታ፣ ደረሳው የኖረው በአካባቢው ሕዝብ ስንቅ ነው። እንግዲህ የማያውቁትን የሰው ልጅ መመገብ በዚህ አገር በመሥሪያ ቤት አልተጀመረም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ቅሬን ሳሞግስ ወሰኑን ካልተናገርኩ ታሪክ አስተማርኩ አይባልም።

ቅሬ አንድ ቤት ሲያዝን መቶ ቤት እንዲደርስ ነው የተሠራው። መቶው ቤት በአንድ ቀን ሲያዝንስ? በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 እዚሁ አምባሰል ውስጥ የውጫሌ ውል ሲፈረም የከብቱ እልቂት አገሩን እያዳረሰ ነበር። በሽታው በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሬ አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ያ ዘመን ዛሬም «ክፉ ቀን» ይባላል። በሬህ የሞተብህ ጊዜ ወንፈል ያርስልሃል፤ የሁሉም በሬ ሲሞት ግን ወንፈልም የለም።

1965 እና 1966 ላይም የሆነው ይሄው ነው። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደውን አስፋልት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተራበው ሰው የወጣው ወደዚያ መንገድ ነው፤ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሱትን ፎቶ አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አወጣው። መንግሥት ግን ለወራት ሲደብቅ ነበር።

የሕንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ለብቻው መርምሮታል። ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጣል፦ በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው፤ አዝመራው ከሰመ፣ ከብቱ ሞተ ወይም በርካሽ ተሸጠ። እህል የጫነ መኪና በተራቡ ሰዎች መሃል አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ይሄን ደግሞ የትኛውም ቅሬ ሊያስቆመው አይችልም። የራሱን ሰው መቅበር ያቃተው ቅሬ ገበያውን ምን ያደርገዋል?

መንግሥታዊው የእርዳታ መሥሪያ ቤት የተወለደው ከዚህ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ እናቶቻችን በአጭሩ «ማስተባበሪያ» የሚሉት። መጋዘን፣ መኪናና የምዝገባ ወረቀት የመጣው ያኔ ነው። ጥቅሙ አያከራክርም፤ የጎረቤት እጅ የማይደርስበትን እህል ከሌላ አገር ያመጣል።

ግን መሥሪያ ቤትም የራሱ በሽታ አለው። በ1977 ረሃቡ ሲመለስ ኮሚሽኑ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ በቂ ሰሚ አላገኘም። በጥቅምት ወር የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ሲወጣ ነው ዓለም የተነሳው። ከዚያ ሰፈራው መጣ። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነስቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ አለ፣ ተገዶ የሄደም አለ። በወረቀት ላይ «አባወራ ይሄን ያህል» ተብሎ ተጻፈ። በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ግን እያንዳንዱ አባወራ ቅሬውን ጥሎ መሄዱ ነው። መሬት ይሰጠዋል፤ መቃብር የሚቆፍርለትን ጎረቤት ግን ከዜሮ ሊሠራ ነው።

ከ1997 ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ሴፍቲኔት። በአገር ደረጃ ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ ሰው ተጀመረ። ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይወስድ ነበር፤ ያረጀና አቅመ ደካማ የሆነ ሳይሠራ ይሰጠዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው። ማን ደሃ እንደሆነ የሚለየው የመንደሩ ሰው ራሱ የተቀመጠበት ኮሚቴ እንዲሆን ተደረገ። ለምን? ከከተማ የመጣ ባለሙያ የማንኛይቱ መበለት ላም የራሷ፣ የማንኛይቱ ደግሞ የጥማድ ቤት አደራ እንደሆነች አያውቅም። ቅሬ ያውቃል። የቅሬ ሽማግሌም ቢሆን ለዘመዱ ሊያደላ ይችላል፤ ስለዚህ ቅሬን የሚጠይቅ መዝገብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲተያዩ ነው ሥራው የሚቃናው። ልጄ፣ የጥያቄሽ ሙሉ መልስ ይሄ ነው፦ እናንተ የቅሬ ምትክ አይደላችሁም፣ ቅሬም የእናንተ ምትክ አይደለም።

አሁን ይሄን ሁሉ ያጻፈኝን ልንገራችሁ።

በ2014 ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሰው ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ ሲከርም የደሴ እናቶች እንጀራ ሲያመላልሱ አይተናል። ያ ያኮራል። ነገር ግን ከወለጋ ተፈናቅለው በደቡብ ወሎ፣ በጃሪና በሌሎች መጠለያዎች የተቀመጡትስ? ብዙዎቹ እነማን እንደሆኑ አስባችኋል? የ1977ቱ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አያታቸው ከዚህ አገር በረሃብ ወጣ፤ እነሱ በጥቃት ተመለሱ። ቋንቋቸው የኛ፣ ዘፈናቸው የኛ፣ የአያታቸው መቃብር ምናልባት ከእናንተ ቤት ጀርባ ነው። ግን መሬት የላቸውም፣ ቅሬም የላቸውም። በመዝገብ «ተፈናቃይ» ይባላሉ። እህሉ ሲዘገይ መሥሪያ ቤቱን እንወቅሳለን፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ቅሬ አጥተው ሲቀሩስ ማንን እንወቅስ? ያ በጀት አይፈልግም፣ የለጋሽ አገር ፊርማም አይፈልግም።

አንዳንዱ «እነሱ እኮ ነገ ይሄዳሉ» ይላል። ሊሄዱ ይችላሉ። ግን ሞት «ነገ እስኪሄዱ» ብሎ አይጠብቅም። ደግሞ ሴትዮዋ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ወልዳለች፣ ልጇ እዚህ ትምህርት ቤት ገብቷል። ቅሬ በቅርበት ላይ ነው የተሠራው ብያችኋለሁ። ታዲያ ከአጥራችን ማዶ ካለች ሴት የበለጠ ቅርብ ማን አለ?

ስለዚህ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ አንዲት ጥያቄ አንሱልኝ፦ «እዚህ የተጠለሉት ሰዎች ሲያዝኑ ጥሪው ለኛም ይሰማል ወይ?» የመዋጮ ጉዳይ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ጥሪው ይሰማ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለወላጆቻችሁ ስትደውሉ ይሄንኑ ጠይቁልኝ። ቀድሞ ያደረገ ቅሬ ካለ እዚህ ሥር ጻፉልን፤ ሌላው ይማርበት።

ደህና ሁኑልኝ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።