የጋፋት ቤቶችና መጽሐፎቻቸው

ከአንበሳሜ ተነሥታችሁ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግራችሁ ወረታ ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በፎገራ ሜዳ አድርጎ ወደ ጎንደር ያቀናል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦር ይወጣል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ወይም ለኮንፈረንስ ተመላልሳችኋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ እንዳለም ታውቃላችሁ። የጋፋት ስም ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገው በመድፉ ዙሪያ ስለነበሩት ቤቶች ነው። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ሚስቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ብዕርና ወረቀትም ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል ለቤተ ክርስቲያን መጻፍ የሚወዱ፣ ነገር ግን ትዳር ከያዙና ልጅ ከወለዱ ወዲህ ደብተራቸውን ያልከፈቱ አሉ። በአንጻሩ ደግሞ «ለጌታ እየጻፍኩ ነው» ብለው በር የሚዘጉ፣ ልጆቻቸውም በሩ ሥር ቁጭ ብለው የሚጠብቋቸው አሉ። ሁለቱም ዓይነት ሰው በጋፋት ታሪክ ውስጥ ራሱን የሚያይ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በአገራችን ያገለገሉ ስዊዘርላንዳዊ ሚሲዮናዊ ሲሆኑ፣ ከ1846 ጀምሮ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆኑ። ኢትዮጵያን ግን አልረሷትም። ባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ የእጅ ሙያም መጽሐፍ ቅዱስም የተማሩ ወጣቶች እንዲላኩ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ በ1850ዎቹ አጋማሽ መጡ፤ ዮሐን ማርቲን ፍላድ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ደግሞ ጥቂት ዘግይቶ ደረሰ። በዚያ ዘመን የነበረው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው ጎጃሜው አብርሃም ካይሮ ተቀምጦ ለ10 ዓመት ያህል ደክሞ የተረጎመው ነበር። ስለዚህ ሚሲዮናውያኑ ቃሉን ለሕዝቡ ያደረሱት አንድ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ በደከመበት ሥራ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ወደዱ፤ ጋፋት ላይም አሰፈሯቸው። ዋልድማየር በ1859 መጨረሻ ሱዛን ቤልን አገባ። ሱዛን የንጉሡ ባለሟል የነበረው የእንግሊዛዊው የሊቀ መኳስ ጆን ቤል ልጅ ናት፤ እናቷ ግን ኢትዮጵያዊት ነበረች። በተጋቡ በዓመቱ ገደማ ቤል ከንጉሡ ጎን ተሰልፎ በጦር ሜዳ ሞተ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም እንዲሁ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን ወለተ ኢየሱስን አገባ። የጋፋት ልጆች እንግዲህ ወናፍ በሚነፋበት፣ ብረት በሚቀጠቀጥበት ግቢ አደጉ። ንጉሡም ሙያ እንዲማሩ የአገሩን ወጣቶች እየመረጡ ይልኩ ነበር።

ይህ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ አስቡት። ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው «ቡዳ» ተብሎ በሚሸሽበት አገር (ዛሬስ ጨርሶ ጠፍቷል ወይ?) ንጉሥ ራሳቸው የሰው ልጅ ልከው ጥበብ ተማር ሲሉ ነው። ዘፀአትን ያነበበ ሰው ባስልኤልን ያስታውሳል፤ እግዚአብሔር መንፈሱን ሞላበት የተባለው ለእጅ ሥራ ነው።

ክረምት ላይ የፎገራ ልጆች ከጥቁሩ ጭቃ በሬ ሲሠሩ አይታችኋል። ቀንዱን ያሾላሉ፣ ሻኛውን ይከምራሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ማንም አስተማሪ አልቀጠረላቸውም፤ ታላላቆቻቸውን አይተው ነው። የመድፍ ሥራም የሚጀምረው ከሸክላ ነው፤ የቀለጠው ብረት የሚፈስበት ቅርጽ አስቀድሞ በጭቃ ይበጃል። የእጅ ሙያ ልጅን አያባርርም። ሕፃኑ ውኃ ያቀብላል፣ ከሰል ያመጣል፣ ወናፍ ይነፋል፤ ሲያድግ መዶሻውን ይይዛል። መጽሐፍ ጽሕፈት ግን እንዲህ አይደለም። የሚጽፍ ሰው አጠገብ ያለ ልጅ የሚያቀብለው ነገር የለውም። ዝም እንዲል ብቻ ነው የሚፈለገው።

በቀድሞው የብራና ዘመን ይህም ቢሆን ትንሽ ይለይ ነበር። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ለደቀ መዝሙሩ ሁሉ ሥራ ነበረው። መጽሐፍ ራሱ የእጅ ሙያ ነበር። ወረቀትና ማተሚያ ቤት ሲመጡ ጸሐፊው ብቻውን ቀረ።

ወደ ጋፋት ልመለስ። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ይህን ሙያ አንችልም ብለው ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልተመለሰም። የወንጌል መልእክተኛ መድፍ ሠሪ መሆኑ ያኔም አወያይቷል፣ አሁንም ያወያያል። እኔ በበኩሌ ቤተሰቦቻቸው በንጉሡ እጅ እንደነበሩ ሳስብ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ደግሞ ከመድፍ ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው። ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ በ1862 ለንደን ላይ ስለ ቤተ እስራኤል የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የንጉሡ እናት በድህነት ዘመናቸው ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ጻፈ። ስተርን ይህን ሲያሳትም አንድ ቀን ጎንደር ላይ ይነበብብኛል ብሎ ያሰበ አይመስልም። ግን ተነበበ። በ1863 ስተርን ታሰረ፤ ወረቀቶቹ ተበረበሩ፤ ሮዘንታል የተባለው ባልደረባውም በግል በጻፈው ነገር ተጠየቀ። የሮዘንታል ሚስትም በዚያው አገር አብራው ነበረች። አንድ አንቀጽ ስንት ቤት እንደሚያናጋ ተመልከቱ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረውን ነው። በ1866 የጸደይ ወራት ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሙያተኞችና መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ያዘ። ሚስቱ ፓውሊነና 3 ልጆቹ ግን መያዣ ሆነው ቀሩ። ፓውሊነ ኢየሩሳሌም ሳለች ዲያቆናዊት ሆና ያገለገለች ሴት ናት። ፍላድ ወደ ባሕር ወርዶ፣ አውሮፓ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ በነጋዴና በመልእክተኛ እጅ ይንከራተታል፣ ንጉሡ ደግሞ ቁጣቸው እየባሰ የሄደበት ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ሦስቱን ልጆች ያበላች፣ ያስተኛች፣ «አባባ መቼ ይመጣል?» ሲሏት የመለሰች እርሷ ናት። ፍላድ በ1867 ተመለሰ። የሚፈልጉትን ይዞ እንዳልመጣ እያወቀ ተመለሰ፤ ቤተሰቡ እዚያ ነውና።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ንጉሡ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝናል፤ መንገዱ እየተጠረገ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። በእነዚያው ሰሞን ወለተ ኢየሱስ እዚያው አምባ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟን ማግዳሌና አሏት። የፊልም ተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህች ሕፃን የልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ መጽሐፎቹ መቼ ተጻፉ? በ1860 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ አንድ ትንሽ መጽሐፍ በፍላድ ስም ወጥቶ ነበር። እርሱም ፍላድ ከጻፈው የዕለት ማስታወሻ ተውጣጥቶ ሌላ ሰው ያሰናዳው ነው። ትልልቆቹ መጽሐፎች፣ ማለትም ፍላድ በኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው 12 ዓመታት በጀርመንኛ የጻፈውና የዋልድማየር ትዝታ፣ የታተሙት ከመቅደላ በኋላ በ1869 ነው። ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ ያሳተመው ደግሞ በ1886፣ ሊባኖስ ላይ ትምህርት ቤት ከመሠረተ ከዓመታት በኋላ ነበር። በጋፋት ዘመን የነበራቸው ማስታወሻና ደብዳቤ ነው፤ ልጅ ሲተኛ የሚጻፍ አጭር አጭር ነገር። ቀኑን፣ የተባለውን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን ይዘው ቆዩ። ያ ባይኖር የ1869ኙ መጽሐፍ ከምን ይጻፍ ነበር?

ስለዚህ አሁን ጊዜ የላችሁም ማለት አትጽፉም ማለት አይደለም። በቀን 5 መስመር ለመጻፍ በር መዝጋት አያስፈልግም። ነገር ግን የእነዚህን መጽሐፎች ሽፋን ስታዩ የወንዶቹን ስም ብቻ ታገኛላችሁ። ፓውሊነ መያዣ ሆና የቆየችበት ዓመት ከሌለ ፍላድ የሚጽፈው ታሪክ ግማሹ የለም። ሱዛን አማርኛ የእናቷ ቋንቋ ነው፤ ዋልድማየር ግን እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ነው። የምትጽፉ ወንዶች፣ እናንተ ደብተር ላይ ስታጎነብሱ ሕፃኑን የያዘው ማን እንደሆነ ዛሬ ማታ ቀና ብላችሁ እዩ። እርሷም የምትጽፈው ነገር ይኖራት ይሆናል፤ ጠይቋት።

ልጅ በመጽሐፍ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም ያልኩትን ግን በአንድ ሰው ምክንያት ላሻሽለው። ፍላድ በቤቱ ካሳደጋቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል ሚካኤል አረጋዊ የሚባል ነበር። ከፍላድ ቤት ፊደልና ቃሉን ተማረ፤ በኋላም ቅድስት ክሪሾና ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ። ፍላድ ከመቅደላ በኋላ ኑሮው ጀርመን ሆነ፤ በቤተ እስራኤል መካከል የነበረውንም አገልግሎት የሚከታተለው ከሩቅ ነበር። ሚካኤል ግን በ1870ዎቹ ወደ ደንቢያ ተመልሶ አገልግሎቱን ለብዙ ዓመታት በራሱ ቋንቋ መራ።